የሰረዝኳት «ን»

ሰው ሲሳሳት አይቼ ማለፍ አልችልም። አመል ያወጣል ከመሃል ይባል የለ? እኔንም አውጥቶኛል። ሠላሳ አራት ዓመት ትንንሽ ልጆች ሳስተምር ተማሪዎቼ ያወጡልኝ ስም «ቀይ እስክሪብቶ» ነው። የማላውቅ ይመስላቸዋል። አንድ ቀን የመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ቀይ እስኪብርቶ መጣች» ብለው ጽፈው አገኘሁ። ምን አደረግኩ? «እስክሪብቶ» ብዬ በቀይ አርሜላቸው ወጣሁ።

በሽታው መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ «ለሁለት ሳምንት ነው» ተባለ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። እስቲ ጉሮሮዬም ይረፍ፣ እግሬም ይረፍ አልኩ። ሁለቱ ሳምንት ሰባት ወር ሆነ።

ባሌ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ ልጅ አለኝ፤ ሩቅ ከተማ ነው የሚሠራው፤ እሁድ እሁድ ይደውላል። «እማዬ፣ ስኳር እንዳለብሽ አትርሺ፣ ከቤት እንዳትወጪ» ብሎ ይጀምርና «በቃ እሺ፣ ከቤት እንዳትወጪ» ብሎ ይጨርሳል። መሃሉ ላይ ምንም የለም። ጎረቤቶቼ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ማውራቱን ትተው በመስኮት እጅ ማውለብለብ ጀመሩ። ሁለት ክፍል ቤቴን በቀን ሦስቴ እጠርጋለሁ። የሚያቆሽሽ ሰው በሌለበት ቤት ምኑ እንደሚጠረግ እኔም አላውቅም።

የዳቦ ቤቱ በር ላይ «ርቀትዎን ጠብቁ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሦስት ቀን ቻልኩት። በአራተኛው ቀን እስክሪብቶዬን መዝዤ «ይጠብቁ» አልኩት። ባለዳቦ ቤቱ ከመስታወቱ ኋላ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና «እትዬ፣ ዳቦውስ? እርማት የለውም?» አለኝ። በዚያ ሳምንት ከሰው ጋር የተነጋገርኩት ይችኑ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ማስነጠስ ነው። ትስቁ ይሆናል። ክፍል ውስጥ የጠመኔ ብናኝ አፍንጫዬ ገብቶ ሳስነጥስ አርባ አንዱም ልጆች በአንድ አፍ «ይማርዎት!» ብለው ይጮሃሉ። ትምህርት የምታቋርጥ ነገር ሁሉ ለልጅ ደስታ ናት። እኔም «ያኑራችሁ፤ አሁን ዝም በሉ!» እላለሁ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ ከኋላ ወንበር አንዲት ቀጭን ድምፅ ለብቻዋ ትመጣለች። «ይማርዎት፣ ቲቸር።» ሹክሹክታ ነው። «ሹክሹክታ» የሚል ቅጽል ስም ያወጣሁለትም እኔ ነኝ፤ ድምፁ ከከንፈሩ ስለማያልፍ። «ጮክ በል እንጂ አንተ ልጅ!» ስለው ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ አምና ሁለተኛ ክፍልም እኔው ነበርኩ ያስተማርኩት። ሁሌ ዘግይቶ፣ ሁሌ ብቻውን።

ቤቴ ውስጥ ሳስነጥስ ግን ዝም ነው። አንድ ቀን ለራሴ «ይማርሽ» አልኩና ራሴው «ያኑርሽ» ብዬ መለስኩ። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ተብሎ ወላጅና መምህር ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ወንበሩ ሁለት ሁለት እርምጃ ተራርቋል። አንድ የታክሲ ሹፌር አባት ተነሳና «እኔ ከአራት ሰው በላይ ከጫንኩ እቀጣለሁ። እናንተ አርባ ልጅ በአንድ ክፍል ልትጭኑ ነው?» አለ። ሳቅ ሆነ፤ ሰውዬው ግን እውነቱን ነው። አንዲት ነርስ እናት እንደተቀመጠች «እኔ በየቀኑ የማየውን ብታዩ፣ እንኳን ትምህርት ቤት ይህንንም ስብሰባ አትመጡም» ስትል የሳቀ የለም። አንዲት አያት «የኔ የልጅ ልጅ እንደሆነ ማስኩን ‘ያንተ ያምራል’ እያለ ከጓደኛው ጋር ይለዋወጠዋል» አሉ። አንድ መምህር «እኛስ? እኛ ቤት እናት አባት የለንም?» ብሎ ተቆጣ። ሁሉም ፈርቷል። እኔም ፈርቻለሁ፤ በሽታው ስኳር ያለበትን እንደማይምር ሬዲዮው በቀን አሥር ጊዜ ይነግረኛል። ግን በሽታውን አንድ ብፈራ ቤቴን አሥር እፈራለሁ።

ዳይሬክተሩ የድሮ ተማሪዬ ነው። ዛሬ ክራባት ቢያስርም ለኔ አሁንም እርሳስ የሚያኝክ ልጅ ነው። ውሳኔውን አነበበ። የፈለገ ወላጅ ልጁን ይልካል፣ ያልፈለገ ያስቀራል። ሃያ ልጅ ያልሞላ ክፍል አይከፈትም፤ ልጆቹ ከሌላው ክፍል ጋር ይደባለቃሉ፣ ከሁለቱ መምህራን ደግሞ በዕድሜ የገፋው ቤቱ ይቆያል። የኔ ሦስተኛ «ለ» የሚደባለቀው ከሦስተኛ «ሀ» ጋር ነው። የ«ሀ» መምህርት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ ለጡረታ አንድ ዓመት ቀርቶኛል። እንግዲህ ሃያ ልጅ ካልሞላልኝ ያ ሰሌዳ፣ ያ ጩኸት፣ ያ «ይማርዎት» በዚያው አበቃ ማለት ነው።

ለወላጅ የተበተነው ወረቀት ላይ «የወላጅ ሐሳብ» ይልና ባዶ መስመር አለው። እሺ ወይም እምቢ በሉ አይልም። «ምነው አንተ፣ ምርጫ ብታደርግበት?» ስለው «ቲቸር፣ ሐሳባቸውን በነፃነት እንዲገልጹ ነው» አለኝ። ገለጹልኛ! አንዱ «እናስብበታለን» አለ፣ አንዱ «እናንተ ካላችሁ» አለ፣ አንዱ «እግዜር ያውቃል» ብሎ ፈርሟል። እኔ ለነዚህ ሁሉ ስደውል ከረምኩ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ «ራሴ እጁን አስታጥበዋለሁ» ብዬ ማልኩ። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ አሥራ ዘጠኝ ደረስኩ። አሥራ ዘጠኝ! አንድ ልጅ ጎደለኝ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩ ላይ ያለውን የወላጆች መልስ ሣጥን ሊዘጋ ሲል አንዲት የታጠፈች ወረቀት አወጣልኝ። የሹክሹክታ እናት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ፊደል የቆጠረችው በልጇ ደብተር ነው። አምና «ልጄን ነገ ይቀራል» ብላ ጽፋልኝ ነበር፤ «ልጄን» ብሎ ነገር! በቀይ አርሜ በልጇ እጅ መለስኩላት። እኔ እንዲህ ነኝ። አሁን ደግሞ ወረቀቱ ላይ ሦስት ቃል እንኳ የለም፤ «ልጄን ይማርልኝ» ይላል።

ያቺው «ን»! ሳቄ መጣ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ «ን»ዋን ሰረዝኳት። «ልጄ ይማርልኝ።» ሃያ!

«እትዬ፣ ሎተሪ ወጣልዎት እንዴ?» አለኝ ዘበኛው።

«ከሎተሪም ይበልጣል» አልኩት። መደወል እንኳ አላስፈለገኝም፤ መልሱ በእጄ ነው።

ሰኞ ተከፈተ። በሩ ላይ ግንባራቸው እየተለካ፣ እጃቸው እየታጠበ ገቡ። አንድ ልጅ ለአንድ ዴስክ፤ ስማቸውን በጠመኔ ዴስካቸው ላይ ጽፌላቸዋለሁ። አሥራ ዘጠኙ መጡ። የሹክሹክታ ዴስክ ባዶ ነው። የመጀመሪያ ቀን ነው፣ ነገ ይመጣል አልኩ። ማክሰኞም የለም።

ረቡዕ ሰሌዳ ስጠርግ አስነጠሰኝ። ክርኔ ውስጥ ነው ያስነጠስኩት፣ እንደ ሕጉ። ዞር ስል አሥራ ዘጠኝ ጥንድ ዓይን ከማስክ በላይ ያፈጥብኛል። «ይማርዎት» ያለ የለም። የፊተኛዋ ልጅ ዴስኳን ቀስ ብላ ወደ ኋላ ጎተተች። አልፈርድባትም፤ ቤቷ የነገሯት ነው። ግን ቆሜ ጠበቅሁ። ያቺ ዘግይታ የምትመጣ ድምፅ ትመጣ ይመስል ጠበቅሁ። ሰባት ወር የናፈቅሁት ክፍል መሃል ቆሜ ቤቴ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ።

በእረፍት ሰዓት የእናቱን ስልክ ልፈልግ ብዬ ወረቀቷን አወጣሁ። «ይማርልኝ» ብዬ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩ፤ አጥብቄ፣ እንደ ትምህርት። ያን ጊዜ ራሱ ሹክሹክታ አምና የጠየቀኝ ትዝ አለኝ። «ቲቸር፣ ሲያስነጥስዎት የምንለው ይማርና ትምህርት ይማር የምንለው አንድ ነው?» «የትምህርቱ ይጠብቃል፤ የምሕረቱ ይላላል። ወረቀት ላይ ግን መልካቸው አንድ ነው» ብዬው ነበር። እስቲ አላልቼ ላንብበው አልኩ፤ ከነ«ን»ዋ።

ልጄን ይማርልኝ። እግዜር ልጄን ይማርልኝ።

እናት ልጇ ታሞባት ምሕረት ስትለምን ነው እኔ ሰዋስው ያረምኩት።

የመውጫው ደወል ሲደወል ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። የስፌት መኪናዋ በር አጠገብ፣ ለማስክ የተቆረጠ ጨርቅ ተቆልሎበት ቆሟል። ስታየኝ ደነገጠች። «ቲቸር! አይጠጉ፣ አይጠጉ» አለችና ራሷ ወደ ኋላ ሸሸች። ልጁ ሃያ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ የወጣው ቅዳሜ ነው። ሳንባው ገና ነው ብለዋታል፤ ከአሥር ቀን በኋላ እንደገና ይታያል።

«ወረቀቱን የጻፍኩት ሆስፒታሉ በር ላይ ቁጭ ብዬ ነው» አለችኝ። «ወደ ውስጥ አያስገቡኝም። ‘የወላጅ ሐሳብ’ ይላል። እኔ ሌላ ምን ሐሳብ አለኝ? ጎረቤቱ ሁሉ ሸሽቶኛል። ቲቸር ካነበቡት ይደውሉልኛል፣ አይዞሽ ይሉኛል ብዬ ስልኬን በእጄ ይዤ ከረምኩ።»

ለአሥራ ዘጠኝ ወላጅ ደውያለሁ። ለሷ ብቻ አልደወልኩም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ወረቀቷን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት። ቀዩን መስመር አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አፈረች።

«አሁንም ተሳሳትኩ እንዴ ቲቸር? ያኔ ካረሙኝ በኋላ እኮ ልጄ አስጠንቶኝ ነበር። የት እንደምትገባ፣ የት እንደማትገባ።»

«አልተሳሳትሽም እህቴ» አልኳት። «ያስጠናሽ ደህና አድርጎ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። እርሳሱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሰማኝ። «ቲቸር፣ ለአንዲት ‘ን’ ብለው ክፍልዎትን ሊያዘጉ? ይተዉት። ስሙ መዝገብ ላይ ይቀመጥ፣ በየቀኑ ቀሪ ይበሉት። ማን ያያል?»

እውነቴን ነው፣ ከቤት እስከ ቢሮው ድረስ እኔም ይህንኑ ሳስብ ነው የመጣሁት። የ«ለ» በር ሲከፈት፣ ልጆቹ ሲንጫጩ፣ እኔ ጠመኔ ይዤ ስቆም እየታየኝ ነው የመጣሁት። ግን በየጠዋቱ ስሙን ጠርቼ፣ ዝም ሲለኝ «ቀሪ» ብዬ ልጽፍበት?

«ልጁ አልቀረም፤ ታሟል» አልኩት። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ «ን»ዋን ቦታዋ ላይ መልሼ ጻፍኳት። በሕይወቴ የራሴን እርማት ሳርም የመጀመሪያዬ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሆነ።

ዓርብ ልጆቼ ቦርሳቸውን አዝለው የ«ሀ» በር ላይ ተሰለፉ። የፊተኛዋ ልጅ ዞር ብላ እጇን አውለበለበችልኝ። ሰሌዳዬን ጠርጌ፣ የተረፉኝን አራት ጠመኔ በወረቀት ጠቅልዬ ቤቴ ገባሁ። ልጄ እሁድ ደወለና «ከቤት እንዳትወጪ» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ዋሸሁት።

ሰኞ አመሻሽ ላይ የሹክሹክታ መስኮት ሥር ነኝ። እናቱ በርጩማ አውጥታልኛለች፤ ሁለት እርምጃ ለክታ ነው ያስቀመጠችው። መስኮቱ ተከፍቷል፤ እሱ አልጋው ላይ በሁለት ትራስ ተደግፏል። ከስቷል። ሁለት መስመር ካነበበ ትንፋሹ ስለሚያጥረው አንድ መስመር እኔ፣ አንድ መስመር እሱ እንባባላለን። ድምፁ ድሮም ትንሽ ነበር፤ አሁን ጆሮዬን ካላቀናሁ አልሰማውም። አንድም ቀን «ጮክ በል» አላልኩትም።

እናቱ በር ላይ ጨርቅ ስትቀድ ብናኙ መጣና አስነጠሰኝ። ክርኔ ውስጥ ደፋሁት። መቀሱ ቆመ። መንገድ ላይ የሚያልፍ አንድ ሰው እርምጃውን አፈጠነ። «ጨርቁ ነው፣ ሌላ አይደለም» አልኩ አፍሬ። መጽሐፌን አንስቼ መስመሩን መፈለግ ጀመርኩ።

ከመስኮቱ ውስጥ ትንፋሽ ሲሰበሰብ ሰማሁ፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ።

«ይማርዎት፣ ቲቸር።»

ዘግይቶ፣ ብቻውን።

ሠላሳ አራት ዓመት «ያኑራችሁ፤ አሁን ዝም በሉ» ስል ኖሬአለሁ። ከበርጩማው ተነሳሁ፤ በደንብ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ «ያኑርህ» አልኩት። «ያኑርህ ልጄ።»

ዝም በል አላልኩትም።