የእትዬ የአቼቶ ጠርሙሶች

የእናቴን ታላቅ እህት ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። መቱ ባለው ቤታችን ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ቃሪያ በአቼቶና በጨው እየዘፈዘፉ በባዶ የማር ጠርሙስ ያስቀምጡ ነበር። ታዲያ ለሁሉም አንድ ዓይነት አይሠሩም። የአባቴ ቃሪያ ነጭ ሽንኩርት ይበዛበታል። እኔ የሚያቃጥል ስለማልወድ የእኔ ጠርሙስ ካሮት ብቻ ነው። ከሁሩሙ ለመጣችው ጎረቤታችን ደግሞ ሰናፍጭ ይጨምሩላታል። «ልመዱት» ብለው ማንንም አስገድደው አያውቁም። ይህ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የገባኝ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው።

ለተዝካራቸው ስንዘጋጅ እናቴ፣ «ሁሉንም በአንድ ባልዲ ዘፍዝፈን እንገላገል» አለች።

«አይሆንም! እትዬ ይቀየሙናል።»

«አንቺ ደግሞ፣ ቤቱንም ትምህርት ቤት አደረግሽው!» ብላ ሳቀች። ግን እሺ አለችኝ።

የሁሉንም ሞልተን ስንጨርስ አንድ ጠርሙስ ተረፈ። በእሱ እትዬ ራሳቸው የሚወዱትን ልሠራ አሰብኩ። የቱን ይወዱ እንደነበር ግን አላወቅሁም። እናቴን ጠየቅኋት።

«እሳቸውማ የተረፈውን ነበር የሚበሉት» አለች ቀስ ብላ።

አሁን ማንም ሊነግረን አይችልም። ባዶውን ጠርሙስ ይዤ ወደ እናቴ ዞርኩ።

«አንቺስ የቱን ትወጃለሽ?»

«እኔማ የተገኘውን።»

«ይሄን መልስ አልቀበልም» አልኳትና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

ብዙ ካንገራገረች በኋላ እንደ ማፈር ብላ፣ «ቀይ ሥር» አለች።

ቤታችን ውስጥ ቀይ ሥር ተዘፍዝፎ አያውቅም። ዘንቢሌን አንስቼ ገበያው ሳይበተን ለመድረስ ወጣሁ።