ለቀበሌ የማይሆን ፎቶ

ጭሮ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ ስኖር እንደ ስልክ ቆሽቴን ያሳረረው ነገር የለም። ሰርጉንም ልደቱንም ሁሉም በየኪሱ ባለው ያነሳዋል፤ ለኔ የተረፈኝ ጉርድ ፎቶ ነው። ስልክ ደግሞ ውሸታም ነው፤ ቆዳ ያለሰልሳል፣ ፊት ያቀላል። የኔ ካሜራ ያለውን እንዳለ ነው የሚያሳየው እያልኩ ለመጣ ለሄደው እደሰኩር ነበር።

አንድ ቀን ፊት ለፊቴ ሽንኩርት የሚሸጡት እናት መጡ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ድነው ወደ ገበያቸው የተመለሱት ገና ሰሞኑን ነው። ጅማ የምትማረው ልጃቸው የመመረቂያ ፈተናዋ ደርሶ ሳለ፣ ትምህርቴን ትቼ ላስታምም ብላ ተነስታለች። ድኛለሁ ቢሏት አታምንም። አይፈረድባትም። ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም ተብሎ፣ አባቷ ሲሞት «ትንሽ አሞት ነው» ተብላ ነው የመጣችው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

«በትልቁ ካሜራ አንሳኝ፤ ፈያ ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ትየኝ» አሉኝ።

መብራቱን አስተካከልኩ። እሳቸው ሻሻቸውን ከጆሯቸው ኋላ ሸጎጡ፣ ከንፈራቸውን ገጠሙ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ የተነሱት ለመታወቂያ ብቻ ነው፤ ሁለት ጆሮ ካልታየ ቀበሌ ይመልሰዋል። ዘና ይበሉ ብላቸው ጭራሽ ደረቁ። ፎቶው ግን ጥርት ያለ ነበር፤ ኮራሁበት። በቴሌግራም ለልጃቸው ላክሁላት።

ብዙም ሳይቆይ ወደ እናቷ ባለቁልፍ ስልክ ደወለች። ለቅሶዋ እኔ ድረስ ይሰማል። «ብሶብሻል። እንዲህ ሆነሽ አታውቂም። ነገ እሳፈራለሁ።»

እናት ተነሱ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ደጃፍ ወጡና ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ይወርዱባት ጀመር። «ዋላሂ ፈተናሽን ትተሽ ብትመጪ ደጄን አትረግጪም። ይህን ሁሉ ዘመን ሽንኩርት የሸጥኩት አንቺም መጥተሽ አጠገቤ እንድትሸጪ ነው?» እጃቸው ይወናጨፋል፣ ሻሻቸው ተንሸራቷል፣ ባለባጃጁ ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል። ካሜራዬ ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ መቆሚያው ላይ ነው። የምጠላውን ስልኬን ከኪሴ አወጣሁና አነሳኋቸው።

ፎቶ ተብሎ የሚጠራ አይደለም። እጃቸው ደብዝዟል፣ ግማሹ ባጃጅ ነው። እያፈርኩ ላክሁት።

ትንሽ ቆይታ በኔ ስልክ ደወለች፤ እናቷም እንዲሰሙ ድምፁን ከፈትኩት። ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎባታል። «አሁን እናቴን አየኋት» አለች። «እፈተናለሁ።» እናትየው የሱቄ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉና «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ክረምት ላይ ተመርቃ መጣች፤ ያንን የስልክ ፎቶ በትልቁ አትምልኝ አለች። ሞከርኩ። ሲተልቅ ሰው መሆኑም ጠፋ። በልቤ ደስ አለኝ፤ እዚህ ላይስ ካሜራዬን የሚያክለው የለም። እናቷን ወንበሩ ላይ አስቀመጥናቸው። ወዲያው ሻሻቸውን ሸጎጡ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ።

«እስቲ አናጂልኝ» አልኳት ልጅቱን በሹክሹክታ።

«ያን ቀን ባትቆጪኝ ኖሮ እኮ ትቼው ነበር የምመጣው» አለቻቸው። እናት ብድግ አሉ፣ እጃቸው ተነሳ፣ ቁጣው ግን መሃል ላይ ሳቅ ሆነባቸው። ያኔ ነው የካሜራዬን ቁልፍ የተጫንኩት።

ፎቶው ዛሬ መስኮቴ ላይ ተሰቅሏል፤ ገበያተኛው ቆሞ ያየዋል። እሳቸው ብቻ ባለፉ ቁጥር ጣታቸውን እየቀሰሩ «አንዱ ጆሮዬ የለም፤ ይሄን ቀበሌ አይቀበለውም» ይሉኛል።