ምስር የመሰለው ጋላክሲ

አላውቅም ማለት ለእኔ ሞት ነበር። ገና የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ፣ አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ለሠራተኞች የማታ ትምህርት ሳይንስ አስተምር ነበር፤ ልቤ አብጦ፣ ከረባቴ ጠብቆ።

ከተማሪዎቼ አንዱ በዕድሜ አባቴን የሚበልጡ የሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ። ሥራው ወገባቸውን ጨርሶታል። ስድስተኛ ክፍልን ካለፉ ከአካፋና ከዶማ ወጥተው ትኬት ቆራጭ ይሆናሉ፤ ተስፋቸው ያቺው ነበረች።

አንድ ቀን ተሳፋሪ ባቡር ውስጥ ጥሎት የሄደ የፈረንሳይኛ መጽሔት ይዘው መጡ። አንድ ፎቶ ገለጡልኝ። በጥቁር ሰማይ መሀል ምስር የመሰለ ብርሃን፣ ዙሪያውን ደግሞ ደብዘዝ ያሉ ነጠብጣቦች።

«መምህር፣ ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ በክፍሉ ፊት።

«ጉም የጋረደው ኮከብ ነው። ሌላው የማተሚያ ቤት ቆሻሻ ነው» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅ።

እሳቸው ግን መጽሔቱን ወደ መብራቱ አስጠግተው፣ «ቆሻሻ እንኳ አይመስለኝም። ትንንሾቹም የሱው ዓይነት ናቸው። አንድ ቤተሰብ ይመስላሉ» አሉ ረጋ ብለው። ክፍሉ ሳቀ፤ በእኔ የሳቁ መሰለኝ። «አንተ ሐዲድህን ጠግን!» ብዬ መጽሔቱን ነጥቄ አስወጣኋቸው። አንተ አልኳቸው፣ አባቴን የሚበልጡትን ሰው።

በማግስቱ ፎቶውን ፈረንሳይኛ ለሚያነብ የጣቢያው ጸሐፊ አሳየሁት። ከሥሩ የተጻፈውን ተረጎመልኝ። እጅግ ሩቅ ያለ ጋላክሲ ነው፤ አንድ ኮከብ ሳይሆን ስፍር ቁጥር የሌላቸው ከዋክብት ስብስብ። ነጠብጣቦቹም ጋላክሲዎች ናቸው፤ በስበት ተያይዘው አብረውት የሚኖሩ። መጽሔቱን ወስጄ ፍራሼ ሥር ደበቅኩት።

እሁድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሽማግሌ ልከውብኛል፤ ካቦአቸውንና የሰፈሩን ቄስ። እሳቸው ከኋላ፣ በዚያ ወገባቸው፣ ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ቆመዋል።

«መምህሩን በሰው ፊት አሳፍሯል። ይቅር በሉትና ወደ ክፍሉ ይመለስ፤ ፈተናው ደርሷል» አሉ ቄሱ።

ዘልዬ ድንጋዩን ማውረድ፣ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። እኔ ግን፣ ምነው ያኔ ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ፣ ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ።

ድንጋዩን አውርደው ጉልበቴን ሳሙ። «ሁለተኛ አልጠይቅም» አሉኝ።

ቃላቸውን ጠበቁ። እስከ ፈተናው ድረስ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሰሌዳው ላይ የምጽፈውን ሁሉ፣ የተሳሳትኩትንም ጭምር፣ ዝም ብለው ይገለብጡ ነበር።