ከቀለም ባልዲው ላይ አልነሳም

ዛሬ ቀለም ቀቢው ፊት ባልዲ ላይ ተቀምጬ አልነሳም አልኩ።

ሙዝ በሚበቅልበት ላንቴ መንደር ያለውን የእናቴን ቤት ለመስቀል በዓል እያስቀባን ነበር። ሥራው ሲያልቅ ቀቢው የተረፈውን ፕላስቲክ ቀለም ይዞ ወደ መስኖው ቦይ አመራ። ነጠቅኩትና ክዳኑ ላይ ቁጭ አልኩ።

"እህቴ፣ ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚደፋው" አለኝ።

"ይድፋ። የኛ አይደፋም። ምሳ ላይ የበላኸው ሙዝ የሚጠጣው ከዚህ ቦይ ነው።"

እናቴም "አንቺ ልጅ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ፣ ተነሺ" አለች። ቀለሙን የሚመጥ ሰጋቱራ ካልመጣ አልነሳም አልኩ። (ክዳኑ ላይ እርጥብ ቀለም ነበር፤ ቀሚሴ ከኋላ አረንጓዴ ሆኗል።)

በመጨረሻ ቀቢው እያጉረመረመ ከጎረቤታችን አናጢ ቤት አንድ ማዳበሪያ ሰጋቱራ ተሸክሞ መጣ። ከቀለሙ ጋር አማስለን ላስቲክ ላይ ዘረጋነው። ሲደርቅ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይሄዳል።

አሸነፍኩ ብዬ ሳልጨርስ እናቴ ጓዳ ገብታ ሙዛችን ላይ የተረጨውን የተባይ መድኃኒት ባዶ ጠርሙሶች አመጣች። እግሬ ሥር ደረደረቻቸው።

"በይ፣ ይሄስ?" አለች።

እሱን አላውቅም። እናንተ የት ነው የምትወስዱት? ቦዩን ብቻ እንዳትሉኝ፤ ጠርሙሶቹም ላይ እቀመጣለሁ።