በጋቢ ጫፍ የታሰረው ሲም ካርድ

«የብድር ቀሪ ዕዳዎ 0.00 ብር ነው። እናመሰግናለን።»

መልእክቱ የገባው ባለፈው የገበያ ቀን መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከስልክ ገንዘብ ወኪሉ ሱቅ ፊት ለፊት ቆመን ሳለ ነው። አነበብኩት። እናቴ «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። አባቴ «ዜሮው ስንት ነው?» አለ።

«ሦስት።»

«ሦስት ሺህ ቀረ ማለት ነው?» ብሎ ፊቱ ሊጠቁር ሲል፣ «ኧረ አባዬ! ምንም የለም ማለት ነው! ምንም!» ብዬ ጮህኩ። በግ የሚነዱ ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። ይዩኝ! ዕዳችን አለቀ፣ የዘር ገብሳችንም ሳይሸጥ ቀረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ይህን እንኳ የምጽፈው አንዴ ቆሜ አንዴ በርከክ ብዬ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር፣ መቀመጥ ያቃተኝ ዛሬ አይደለም። ከመስከረም ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ የሚያቁነጠንጠኝ ግን ደስታ አልነበረም።

ብድሩን የጀመርነው እናቴና እኔ ነን። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች ስልኩን የምነካካላት እኔ ነኝ። ኮከብ፣ ቀጥሎ ቁጥሩ፣ ቀጥሎ መሰላል። በዚህች ጣቴ። የመጀመሪያው ብድር ለዘይትና ለደብተሬ ነበር። ስልኩ ወዲያው «ብድርዎ ተፈቅዷል» አለ። እናቴ ከት ብላ ሳቀች።

«አየሽ? ዋስ አምጪ የለ፣ ደጅ ጥኚ የለ! ደግሞ አንቱ እያለ!»

እኛ ዘንድ ዱቤ የሚከፈለው ገብስ ሲወቃ ነው። ባለሱቁም ይህን ስለሚያውቅ ክረምቱን ሙሉ ጨውና ሳሙና እየሰጠ ዝም ይላል። እናቴ ስልኩንም እንደ ባለሱቁ ቆጠረችው። ስልኩ ግን አዝመራ አያውቅም። ሠላሳ ቀን ሲሞላ ይጮኻል፤ ካለፈ ደግሞ ቅጣቱ በየቀኑ ይጨምራል። እኛም የአንዱን የስልክ ብድር ለመክፈል ከሌላ የስልክ ብድር ወሰድን። ያኛው ሲጮህ ወደ መጀመሪያው ተመለስን። በከፈልን ቁጥር «አሁን ከዚህ በላይ መበደር ይችላሉ» ይለናል፤ እናቴ ይህን እንደ ሹመት ነበር የምታየው። እኔም አብሬ ኮራሁ፣ ምን ልዋሽ!

ገና ሲደርስ ኩራቱ ጠፋ። አባቴ አያውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ፣ መልእክቱን የማነበው እኔ ነኛ። ክፍል ውስጥ የመምህሩ ስልክ ጢን ካለ ልቤ ይዘላል። ጥፍሬን ቆርጥሜ ጨረስኩ። ቤት ስገባ ደጅ ያምረኛል፣ ደጅ ስወጣ ስልኩ የጮኸ ይመስለኛል። እናቴ ሱፍ እየፈተለች በዓይኗ ትጠይቀኛለች፤ እኔም በዓይኔ «ጨምሯል» እላታለሁ።

በየካቲት ታላቅ ወንድሜ ከደብረ ብርሃን ለማዳበሪያ አራት ሺህ ብር ላከ። አባቴ ስልክ ስለሌለው የላከው በእናቴ ቁጥር ነው። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «ገባ!» ብዬ ሳልጨርስ ሌላ መልእክት ተከተለ። ስልኩ ብሩን ቀኑ ላለፈበት ዕዳ ቆርጦ ወስዶታል። አንዲት ብር አላስቀረም። አሁንም ስድስት ሺህ ገደማ ይቀራል ይላል።

«አንብቢዋ» አለኝ አባቴ። «ምን ይላል?»

አነበብኩለት። ምን ላድርግ?

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ተነሥቶ ወደ ትንሿ ጎታ ሄደና እጁን አፏ ላይ አሳረፈ። በእበት የታሸገች፣ የዘር ገብስ ያለባት ጎታ ናት። የዘር ገብስ በክፉ ቀን እንኳ አይነካም። ዘሩን የሸጠ ሰው በመጪው ዓመት መሬቱን ለሌላ ሰጥቶ የሰው እህል ይሸከማል።

«ይህ ነገር ዘር እስከሚዘራበት እስከ ሰኔ ካላለቀ፣ የሚሸጠው ይህ ነው» አለ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

በማግስቱ የእናቴን የክርስትና አባት ጠራቸው። አባባ ነው የምንላቸው። በእኛ ቀበሌ የተጣላ ሰው ሁሉ በእሳቸው ፊት ያልታረቀ የለም። የአባቴ ሐሳብ አጭር ነበር። ዕዳ ሲከብድ ሽማግሌ ይላካል፣ አበዳሪም ቀን ይሰጣል። ስለዚህ አራታችንም ሁለት ሰዓት በእግራችን ተጉዘን መሐል ሜዳ ወዳለው የስልክ ብድሩ ቢሮ ገባን። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ወጣት ነው። አባባ ጋቢያቸውን አደግድገው ቆሙ።

«እንደምን አደርክ ልጄ? ያሳድግህ። ለልመና ነው የመጣነው። ይህች ልጄ ቸግሯት ነው። እስከ አዝመራ ቀን ስጧት።»

ልጁ ደንግጦ ከወንበሩ ተነሣ። «አባባ፣ እኔ ብሆን በሰጠሁ። ሲስተሙ ነው የሚቆርጠው።»

«ጥራልኛ፤ እሱንም እለምነዋለሁ።»

«ሰው አይደለም እኮ፣ ኮምፒውተር ነው። ልመና አይሰማም።»

አባባ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። «ዋሷ ማነው ታዲያ?»

«ዋስ የለውም አባባ። ያለ ዋስ ነው የሚሰጠው።»

«አሃ! እዚህ ላይ ነው የተበላችሁት!» ብለው ወለሉን በከዘራቸው መቱት። ወደ እናቴም ዞሩ። «ዋስ የሌለው ዕዳ ማን ይለምንለታል? ማንስ ‹በቃሽ› ይልሻል?»

እናቴ አቀረቀረች። ልጁ ግን ደግ ነበር። ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ከእንግዲህ አዲስ ብድር አለመውሰድ፣ ቅጣቱ የሚከብደውን ማስቀደም፣ ትንሽም ብትሆን ሳምንት ሳያሳልፉ ማስገባት። ከቢሮው እንደወጣን አባባ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ያቺን ጥፍር የምታህል ነገር ከስልኩ አውጪልኝ።»

ሲም ካርዱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከጋቢያቸው ጫፍ አድርገው ሁለት ጊዜ ቋጠሩት። «ከዛሬ ጀምሮ ዋሷ እኔ ነኝ» አሉ። «ለዚያ ማሽን አይደለም። ለራሷ ነው። የምትከፍል ዕለት ትምጣ፣ እፈታላታለሁ። የምትበደር ዕለት ግን አታገኘኝም።»

እንዲህ ሆኖ በየገበያ ቀኑ ወኪሉ ሱቅ እንሄዳለን። አባባ ቋጠሮውን ይፈታሉ፣ እኔ ሲሙን እከታለሁ፣ ብሩ ይገባል፣ ለዕዳው ይቆረጣል፣ ሲሙ ይወጣል፣ ይቋጠራል። ወኪሉ ገና ከሩቅ ሲያየን ይስቃል።

«አባባ፣ ዛሬም እስረኛውን ይዘው መጡ?»

«ፍርዱን ሳይጨርስ የት አባቱ ይሄዳል!»

እናቴ የፈተለችውን ሱፍ ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ ሠሪዎች ትሸጣለች። ጾሙ ስለነበር እንቁላሉ ሁሉ ወደ ገበያ ነው። አባቴ ለፋሲካ ያሰበውን ሙክት ሸጠ፤ እኛም በዶሮ ፈሰክን። በየሳምንቱ ለማስገባት የቆረጥነው አራት መቶ ብር ሳይሞላ ሲቀር እኔ መንገዱን መራመድ አልችልም፣ እየሮጥኩ እቀድማቸውና ተመልሼ እመጣለሁ። «ይቺ ልጅ እግሯ ውስጥ ጉንዳን አለ» ይሉኛል አባባ። ጉንዳኑ ሰኔ ነበር። ሰኔ እየቀረበ ነበር።

ግንቦት ላይ ደግሞ የማርያም ማኅበር ተራው የእናቴ ሆነ። ማታ ማታ ስትነጫነጭ ሰነበተችና አንድ ቀን ጠጋ አለችኝ።

«ሂጂና ሲሙን ተቀብለሽልኝ ነይ። ወንድምሽ ሊደውል ነው በያቸው።»

«እማዬ…»

«ባዶ ቤት ማኅበርተኛ ልቀበል? አንድ በግ ብቻ!»

ሄድኩ። አባባ አጥር እየጠገኑ ነበር። «ወንድሜ ሊደውል ነው» አልኳቸው፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ።

«ወንድምሽ ትናንት በጎረቤታችሁ ስልክ ደውሎ አልነበረም? እኔንም ሰላም ብሎኛል እኮ።»

ፊቴ ጋለ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ በጉንም ማኅበሩንም። አባባ ሳቁ፤ ሲጨርሱ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጽዋው ካልጎደለ ማኅበሩ አይጎድልም በያት። ቆሎና ጠላ ይበቃል። ጎደለብኝ ካለች እኔን ትቆጣኝ።»

ለእናቴ ስነግራት ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በማኅበሩ ዕለት ግን ቆሎውን አቀረበች። ምላሰኛዋ ጎረቤታችን መሶቡን ገልጣ አየችና፣ «እሰይ! ዘንድሮስ እንደ ሱባኤ ነው የጋበዝሽን!» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እናቴ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«ዕዳ አለብኝ» አለች። «የስልክ። ለዚህ ብዬ ሌላ አልጨምርም።»

እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ፤ መሮጥ አማረኝ። ምላሰኛዋ ቆሎዋን በእጇ እንደያዘች፣ «ስንት ቀን አለፈሽ?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? እኔም አለብኝ! ባሌ እንዳይሰማ።»

ከዚያ ሌላዋም ተናገረች። ከጥግ ያለችውም። ማኅበሩ እስኪበተን ወሬው ሌላ አልነበረም። ያን ቀን ከሴቶቹ ሁሉ ብዙ የሳቀችው እናቴ ነበረች።

የመጨረሻዋን አራት መቶ ያስገባን ዕለት አባባ ሲሙን ለእናቴ ሰጧት። «ወንድ ልጅሽ አሁን ይደውል» አሏት፣ እኔን በጎን እያዩ። ትናንት ደግሞ ጎታዋ ተከፈተች። አባቴ ዘሩን በስልቻ ተሸክሞ ወደ እርሻ ወጣ፤ እኔም ከኋላው እየዘለልኩ ሄድኩ።

አሁን የምላሰኛዋ ጎረቤታችን ሲም አባባ ጋ ነው። እኔን ግን እንዲህ አሉኝ፦ «አንቺ መጻፍ ታውቂያለሽ። ቤቱ የተጨነቀ ሰው ካለ ጽፈሽ ጥሪልኝ።» ስለዚህ ይኸው ጠራኋችሁ። በመሐል ሜዳ ገበያ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከወኪሉ ሱቅ ጎን ካለው የድንጋይ አጥር ሥር ኑ። ሲማችሁንና የምታከብሩትና የምታፍሩት አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ፤ እናት ትሁን፣ የክርስትና አባት፣ ጎረቤት፣ ዋስ የሚሆናችሁ። ሰው ካጣችሁም ብቻችሁን ኑ፣ ዋስ የሚሆኗችሁ አባባ አሉ። መልእክቱን ማንበብ ለሚቸግራችሁ እኔ አነብላችኋለሁ። የሚያስፈራውንም ሳልዘል አነባለሁ፣ ለማንም አላወራም።