በካርታው ላይ ያልታየችው የታንኳ መውረጃ

ባሕር ዳር የመጣሁት ለሥራ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ፣ ሕዝቡ የሐይቁን ዳርቻ የት የት እንደሚጠቀምበት ሰዎች ከያዙት ስልክ በሚገኝ መረጃ እለይ ነበር። ብዙ ስልክ ያለፈበት ቦታ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀላል፤ ያላለፈበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሆቴሎቹና መናፈሻዎቹ ያሉበት ዳርቻ እንደ ፍም ቀልቷል። በዘንዘልማ በኩል ያለች አንዲት ትንሽ የታንኳ መውረጃ ግን ነጭ ነበረች። "ተጠቃሚ የላትም" ብዬ ጻፍሁ። ሄጄ አላየኋትም። ከጥቂት ወራት በኋላ ቦታው ለግንባታ ተሰጠና በቆርቆሮ ታጠረ።

የነፍስ አባቴ በአንዲት ደሴት የሚያገለግሉ አረጋዊ ቄስ ናቸው። በየወሩ ቤቴ መጥተው ጸበል ይረጩልኛል። በየት በኩል እንደሚመጡ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም። በዚያ ክረምት ሁለት ወር ቀሩ። በመስከረም ሲመጡ ከስተዋል።

"አባ፣ አመመዎት እንዴ?"

"እኔስ ደኅና ነኝ። መሪጌታን አጣናቸው እንጂ።"

መሪጌታ አብረዋቸው የኖሩ የዜማ መምህር ነበሩ። ሆዳቸውን ክፉኛ ታመሙና በታንኳ አሻገሯቸው። መውረጃው ሲደርሱ አጥር ጠበቃቸው። ዘበኛው ቢያዝንም ቁልፉ እሱ ዘንድ አልነበረም። ተመልሰው እየቀዘፉ ራቅ ካለ ዳርቻ ወረዱ፤ ከዚያም ባጃጅ እስኪያገኙ በጭቃው ውስጥ በቃሬዛ ተሸከሟቸው። መሪጌታ ሆስፒታሉ በር ላይ ዐረፉ።

"የቱ መውረጃ ነው?" አልሁ።

"ከዘንዘልማ ወዲህ ያለችው። ማንም አይጠቀምባትም ተብሎ ተጽፏል አሉ። እኔ ከዲቁናዬ ጀምሮ የወረድሁባት!"

"የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ አባ።"



"መጥተሽ አይተሻል?"

"አላየሁም። ስልክ ነው የሚያሳየኝ።"

"አብዛኞቻችን ስልክ የለን። ያለውም ውኃ እንዳይነካበት ቤቱ ትቶት ነው የሚወጣ።"

ንስሐ ይስጡኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን "ሂጂና ተቀምጠሽ እዪ" አሉኝ።

ፈቃድ ወስጄ ሦስት ቀን ከጎሕ ጀምሮ አጥሩ ሥር ዋልሁ። ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች ቆርቆሮውን ለመዞር እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ሲገቡ አየሁ። አንዷ ነጠላዋን እየጨመቀች "አንቺም መንገድ ጠፍቶሽ ነው?" አለችኝ።

ያየሁትን ሁሉ ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁት።

"መረጃው ውሸት ነው እያልሽኝ ነው?" አለኝ።

"ውሸት አይደለም። ያየው ስልክ የያዙትን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ እነሱ ናቸው ብዬ ጻፍሁ።"

ብዙ ከተመላለስሁ በኋላ በአጥሩ ዳር ጠባብ መተላለፊያ ተከፈተ። በመውረጃዋ ይጠቀሙ ከነበሩት ዓሣ አጥማጆች አንዳንዶቹ ግን ሌላ ቦታ ለምደው ቀርተዋል።

መሪጌታ ቀድመው ቢደርሱ ይተርፉ እንደነበር የነገረን የለም። ለሙት ዓመታቸው ወደ ደሴቲቱ ተሻገርሁና ለባለቤታቸው ሁሉንም ነገርኋቸው። እሳቸው መሬት መሬቱን እያዩ ሰሙኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ተነሥተው እጄን ያዙና ከሚያለቅሱት ሴቶች መካከል አስቀመጡኝ።