አባ ጊዲ ያልተናገራቸው ሰባት ዓረፍተ ነገሮች

ጉዳዩ ያስወጣኝ አንድ የገበያ ቀን፣ የግራ እግር ጫማና ሰባት ዓረፍተ ነገር ነው። የሆነው ባለፈው በልግ፣ ቡና ባበበ ሰሞን ነው። ዛሬም አበባው ሲሸተኝ ትዝ ይለኛል።

ጅማ ላይ ቡና እነግዳለሁ። እኔን ያስተማረኝ ሚዛን ነው። የእህቴ ልጅ ሰሚራ ግን ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረች፤ የመመረቂያ ጽሑፏም ስለ ገበሬና ነጋዴ ነው። ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። የቡ ገጠር ያለውን ገበሬ አባ ጊዲንም ጠይቂው አልኳት፤ የተጣላንበትን ነገር ጭምር ነገርኳት።

አባ ጊዲ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት “ዋጋ ሊወርድ ነው፣ ጀንፈልህን ቶሎ ሽጥልኝ” አልኩት። ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡናውን ሸጠልኝ። በሳምንቱ ዋጋው ወጣ። አልከሰሰኝም፣ አልሰደበኝም። ሰላምታውን ብቻ ነሳኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰሚራ መጋዘን መጥታ የጻፈችውን ከእንግሊዝኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። መሃል ላይ አባ ጊዲ ይናገራል። ሰባት ዓረፍተ ነገር። የመጨረሻው “ያ ነጋዴ አታለለኝ፤ ግን ወንድሜ ነው፣ ልቤ ይቅር ካለው ቆይቷል” ይላል።

“እስቲ ድገሚው።”

“አጎቴ፣ እያለቀሱ ነው እንዴ?”

“የጆንያ አቧራ ነው።”

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንደ ሕልም አለፉ። ሚዛን ፊት ቆሜ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፤ ከጆንያዎቹ ኋላ አባ ጊዲ ቀስ ብሎ ያወራልኛል። መንቃት ነበረብኝ። አባ ጊዲ በዕድሜው ሁለት ዓረፍተ ነገር አከታትሎ አያውቅም፤ በሠርጉ ቀን እንኳ ከአፉ የወጣው “እሺ” ብቻ ነው። ግን ጣፈጠኝ። ስንት ዓመት የነገድኩ ሰውዬ ናሙና ሳላይ ገዛሁ።

በገበያ ቀን መጋዘኔን ዘግቼ፣ ስኳር ይዤ የቡ ወረድኩ። ሲዘንብ አድሯል። ጉሙ ዛፉን ሁሉ ውጦ የቡናው አበባ ብቻ ነጭ ሆኖ ተንሳፍፏል። መሬት ልርገጥ ደመና አላወቅኩም። መሬት መሆኑን የነገረኝ ጫማዬን የዋጠው ጭቃ ነው። ተመልሼም አልፈለግኩት።

አባ ጊዲ በረንዳው ላይ ነበር።

“ስለ ይቅርታህ ላመሰግንህ መጣሁ” አልኩት።

ባዶ እግሬን አየ። “የምን ይቅርታ?”

“ለሰሚራ የነገርካት።”

“ሰሚራ ማናት?”

እዚያው ቆሜ ደወልኩላት፤ እሱም እንዲሰማ ስፒከር ላይ አደረግኩት።

“አጎቴ፣ አፉ ይበሉኝ። ጊዜ አጠረኝና አልሄድኩም። እርስዎ የነገሩኝን ለኤአይ ሰጥቼ፣ እሳቸው ምን ሊሉ እንደሚችሉ ጻፍልኝ አልኩት።”

አባ ጊዲ ኦሮምኛውን ትቶ አማርኛ የሚያወጣው ሲናደድ ብቻ ነው። አወጣ።

“ያ ማሽን የማን ዘመድ ሆኖ ነው በእኔ አፍ ይቅር የሚለው?”

ስልኩን ዘጋሁት። ስድስት ዓመት ያልወጣኝ ነገር ያን ጊዜ ወጣኝ።

“ዋጋው እንደማይወርድ አውቅ ነበር” አልኩት።

ንቦቹ አበባው ላይ ይጮኻሉ። ከዚያ በርጩማውን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገና “ታኢ” አለኝ። ተቀመጥ ማለቱ ነው።

ሰሚራ ለአስተማሪዋ እውነቱን ተናግራ፣ ተቆጥተዋት፣ አንድ ሳምንት ለምና ራሷ የቡ ሄደች። አባ ጊዲ የሰጣት መልስ ሁለት መስመር አልሞላም፤ ያንኑ ጻፈች። ኤአይ የረዳት እንግሊዝኛዋን በማቃናት ብቻ መሆኑንም አሰፈረች። እኔ የመከርኳት አንድ ነገር ነው፤ ሚዛን ይመዝናል እንጂ ቡና አያፈራም።

እውነቱን ለመናገር፣ ሰባቱ ዓረፍተ ነገሮች አንዳንዴ ይናፍቁኛል። ያማሩ ነበሩ። አባ ጊዲ እስከ ዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም።

ወጪ፦ አንድ የገበያ ቀን፣ የግራ እግር ጫማ፣ ሰባት ዓረፍተ ነገር።

ገቢ፦ አንድ ቃል።